ብርቅ የእንግሊዝኛ ቃላትን እንዴት ነው የምትይዟቸው?

የመሐል ሜዳው መምህር
ጥር 14፣ ከምሽቱ 1፡20

ሰላም ለእናንተ ይሁን ቤተሰቦች። መንዝ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንድ ያየሁትን ነገር ላካፍላችሁ፣ የእናንተንም ልጠይቅ ብዬ ነው ብቅ ያልኩት።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። የጥር ውርጭ ምን እንደሚመስል የአገሬ ሰው ያውቀዋል፤ ሜዳው አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ ያድራል፣ ሣሩ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነው። ደወሉ ተደውሏል፣ ተማሪዎቹ ግን አልገቡም። በምሥራቅ በኩል ያለውን የጭቃ ግድግዳ ተደግፈው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ልቆጣ ነበር የሄድኩት። ደርሼ እኔም ግድግዳውን ደገፍ ስል ሙቀቱ ፊቴ ላይ አረፈና ቁጣው በረደልኝ። እዚያው እንደቆምን "አሁን የምንሞቀውን ይህን ነገር በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል የሚነግረኝ ማነው?" አልኳቸው። ዝም አሉ። "አፕሪሲቲ" አልኩ። "በብርድ ወራት የምትሞቅ የፀሐይ ሙቀት ማለት ነው።"

የቃሉን ታሪክም እዚያው ነገርኳቸው። ሥሩ ላቲን ነው፤ "አፕሪኩስ" ይላሉ ፀሐይ የሚያገኘውን ቦታ። ሄንሪ ኮከራም የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1623 ባሳተመው የከባድ ቃላት መዝገብ ውስጥ አስገባው። ከዚያ ወዲህ ሰው ብዙም ሳይናገርበት 400 ዓመት ያህል ተቀመጠ፤ አሁን አሁን ነው ቃል የሚወዱ ሰዎች እያወጡ የሚያነሡት። አንዱ ልጅ "ታዲያ አገራቸው ብርድ አይደለም እንዴ? ለምን ተዉት?" ብሎ ጠየቀኝ። የጥያቄው መልስ እስካሁን ያሳስበኛል።

የገረመኝ ግን ኋላ የሆነው ነው። በዚያው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ሃያ ቃል ከነትርጉሙ ጽፌላቸው ነበር። ዓርብ ስጠይቃቸው ከሃያው አራት አምስቱን ነው ያስታወሱት። አፕሪሲቲን ግን ሁሉም ያውቁታል። ዛሬ ጠዋት አንዲት ክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ በር ላይ ጠብቃኝ፣ ሰማዩን ቀና ብላ አየችና "ቲቸር፣ ዛሬ አፕሪሲቲ የለም፤ ደመና ነው" አለችኝ። በአሥራ ምናምን ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንደዚህ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

እናንተስ እንዲህ ከአእምሯችሁ አልወጣ ያለ የእንግሊዝኛ ቃል አላችሁ? እንዴትስ ያዛችሁት? ከአገራችን ነገር ጋር የሚገናኝ ሲሆን ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል፤ ለልጆቹ ወስጄ እነግራቸዋለሁ።

አስጠኚው
ጥር 14፣ ከምሽቱ 2፡05

መምህር፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። በአክብሮት ልቃወምዎ ነው።

እኔ ደብረ ብርሃን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለብሔራዊ ፈተና አስጠናለሁ። "ሃውኤቨር" እና "ዜርፎር" የተምታቱበት ልጅ ይዤ፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው የማይናገሩትን ቃል ማስተማር ጎተራው ባዶ ሆኖ ሳለ ቅመም መሸመት ይሆንብኛል። ፖል ኔሽን የሚባል የኒውዚላንድ የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት፣ አንድ ሰው መጽሐፍና ጋዜጣ ያለማንም እርዳታ እንዲያነብ ከ8000 እስከ 9000 የቃል ቤተሰብ ማወቅ አለበት ይላል። ቤተሰብ ሲል "ራይት፣ ራይተር፣ ሪትን" ሁሉ እንደ አንድ ተቆጥረው ነው። የእኛ ልጆች ከዚህ በጣም ሩቅ ናቸው። እዚያው አገር አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው የትምህርት ቃላት ዝርዝር ደግሞ 570 ቤተሰብ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ከትምህርት ጽሑፍ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። "አናላይዝ"፣ "ኮንሴፕት"፣ "ሲግኒፊካንት" የመሳሰሉት ናቸው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፊዚክሱም ታሪኩም የሚዘጋባቸው በእነዚህ ቃላት ነው። ጊዜያችን አጭር ነው፣ ልጆቹም የድሃ ልጆች ናቸው። ቅር እንዳይልዎ።

ውርጭ ለምዳለሁ
ጥር 14፣ ከምሽቱ 2፡40

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ነው የምማረው። ጋሽ አስጠኚ ያሉት ይገባኛል፤ ያለፍኩበት ነው። ግን እንግሊዝኛ ማንበብ እንድወድ ያደረገኝ አንድ የማይጠቅም የሚመስል ቃል ነበር፣ "አራክ"።

መዝገበ ቃላት ስገላልጥ ከእህልና ከተምር የሚወጣ ጠንካራ መጠጥ ይላል። ምንጩ ዐረብኛ ነው፤ ዐረቦቹ "ዐረቅ" የሚሉት ላብን ነው። ለምን ላብ? አያቴ አረቄ ስታወጣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው ያደግሁ። እሳቱ ከሥር ይነዳል፣ እንፋሎቱ በመቃው ያልፋል፣ ከዚያ በወዲያኛው ጫፍ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ግንባር ላይ እንደሚወርድ ላብ! የእኛ አረቄና የእነሱ አራክ አንድ ቃል መሆናቸው ያን ጊዜ ፍንትው አለልኝ። "አልኮል" ደግሞ ሴቶቻችን ዓይናቸውን የሚኳሉት ኩል ነው። "አል ኩሕል" የደቀቀ ኩል ነበር፣ ከዚያ ተጣርቶ ለወጣ ለማንኛውም ነገር ሆነ፣ በመጨረሻ ለመጠጡ ቀረ። የአያቴ ኩልና የአያቴ አረቄ ሁለቱም እንግሊዝኛ ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

ሌላም ልጨምር። ከተማችን ደብረ ብርሃን የተባለችው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ባዩት ብርሃን ምክንያት ነው። የሃሌይ ኮሜት እ.ኤ.አ. በ1456 ታይቶ ስለነበር ብርሃኑ እሱ ነው የሚሉም አሉ። "ኮሜት" የግሪክ ቃል ነው፤ ባለ ረጅም ጠጉር ማለት ነው። እኛ ጅራታም ኮከብ እንላለን። አንዱን ነገር አይተው እነሱ ጠጉር አሉት፣ እኛ ጅራት አልነው። ይህንን ካወቅሁ በኋላ "ኮሜት" ማለት ምን ነበር ብዬ አላውቅም።

የጓሳ አስጎብኚ
ጥር 14፣ ከምሽቱ 3፡15

እንደምን አመሻችሁ። እኔ ቃል የተማርኩት ከእንግዳ አፍ ነው። ጓሳ ላይ እንግዶች ይዤ ስወጣ ጭላዳ ሲያዩ የሚሉትን እሰማና ማታ እጽፈዋለሁ። አንድ ጊዜ አንድ የእንስሳት ተመራማሪ "ግራሚኒቮር" አለኝ። ሣር በል ማለት ነው። ከጦጣና ከዝንጀሮ ወገን በዓለም ላይ ሣር ግጦ የሚኖር የቀረው ጭላዳ ብቻ ነው። ጠዋት ከገደሉ ወጥተው ቂጣቸው ላይ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣሩን ሲነጩ፣ ትንሽ ፈቀቅ ብለው እንደገና ሲነጩ ያየ ሰው ይህን ቃል በምንም አይረሳውም።

"ጌላዳ" የሚለው የእንግሊዝኛ ስምም የእኛው ጭላዳ ነው። ሩፐል የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1835 ሲመዘግበው የሰማውን ስም ጻፈ። ጨን የማያወጣ ምላስ እንዲህ አድርጎ ወሰደው።

የጅብራን፣ የዚያን የደጋ ተክል ነገር ግን ልንገራችሁ። እንግዳ ሁሉ "ሎቤሊያ" ይላል፣ እኔም ለዓመታት እንዲሁ ስል ኖርኩ። አንድ ቀን ምን ማለት ነው ብዬ ስፈልግ ማትያስ ደ ሎቤል የሚባል የድሮ የፍላንደርስ ዕፅ ዐዋቂ ስም ነው። እሱ ጓሳን አላየ፣ ጅብራን አላየ። ከዚያ ወዲህ ለእንግዳ ስናገር መጀመሪያ "ጅብራ" እላለሁ፣ ከዚያ "ሎቤሊያ"። እነሱም ደብተራቸው ላይ ጅብራ ብለው ይጽፋሉ። ብዙዎቹ ሲሰናበቱኝ ደግመው ይጠሩታል። ለካ ለእነሱም ብርቅ ቃል ማለት የእኛ ነው።

ቀለም ቆጣሪ
ጥር 15፣ ከንጋቱ 12፡30

እንደምን አደራችሁ። ቅኔ ቤት ያደግሁ ነኝ፤ እንግሊዝኛን የጀመርኩት ዘግይቼ፣ አገልግሎት ላይ ሆኜ ነው። ለጋሽ አስጠኚ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ፤ የእርሳቸው ቃላትና የመምህሩ ቃል በአንድ ቁልፍ የሚከፈቱ ይመስለኛል።

ከየኔታ እግር ሥር ግስ ስናጠና አንዱን ሥር ከያዝን ዘሩን ሁሉ እናወጣው ነበር። "ጸሐፈ" ብሎ ካወቀ ሰው መጽሐፍን፣ ጸሐፊን፣ ጽሕፈትን ማን ያስተምረዋል? እንግሊዝኛም ግስ አለው፤ ግሱ ግን ላቲንና ግሪክ ውስጥ ነው። "ስክሪብ" የያዘ ሰው ማኑስክሪፕትን በእጅ የተጻፈ፣ ፕሪስክሪፕሽንን አስቀድሞ የተጻፈ ብሎ ይፈታዋል።

እስቲ ጋሽ አስጠኚ የጠሯቸውን እንይ። "አናላይዝ" ግሪኩ መፍታት፣ የተቋጠረውን መልቀቅ ማለት ነው። እኛስ የቅኔውን ምሥጢር፣ የቃሉን ትርጉም "ፍታልኝ" አይደለም የምንለው? ፍቺ እንላለን እኮ። "ኮንሴፕት" መፀነስ ከሚለው ላቲን የመጣ ነው፤ የእኛ መጻሕፍት ደግሞ "ፅንሰ ሐሳብ" ይሉታል። "ሲግኒፊካንት" ውስጥ ያለው ምልክት ነው። እነዚህን እንደ ስልክ ቁጥር የሚያጠና ልጅ ፈተናው ሲያልቅ ይጥላቸዋል። ፈትቶ የያዘ ልጅ ግን ሲያረጅም ከእርሱ ጋር ናቸው።

የእኔን ብርቅ ቃል ልስጥ። "ሺቦሌት"። እንግሊዞች አንድን ወገን ከሌላው ለይቶ የሚያሳብቅ አነጋገር ወይም ልማድ ሲሉ ይህን ይጠቀማሉ። ምንጩ መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ነው። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው፣ የሚሸሸውን ሁሉ "ሺቦሌት በል" ይሉታል። የኤፍሬም ሰው ሺን ማውጣት አይችልምና "ሲቦሌት" ይላል፤ ይገድሉታል። 42000 ሰው እንደወደቀ ተጽፏል። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የማላውቀው ቃሉ በዕብራይስጥ የእህል ዛላ ማለት መሆኑን ነበር። በግዕዝ የእህል ዛላ ምንድን ነው? ሰብል! አንድ ዘር ናቸው። አባቴ መስከረም ላይ ማሳው ዳር ቆሞ "ሰብሉ ዘንድሮ አማረ" ሲል የሚናገረው ቃል፣ እዚያ ወንዝ ዳር የሰው ሕይወት የተመዘነበት ቃል ነው። ያወቅሁ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ነርስ ከሸዋ ሮቢት
ጥር 15፣ ከቀኑ 7፡10

ምሳ ሰዓቴ ላይ ነው የምጽፈው። መምህር፣ እኛ ቆላዎቹ ዓመቱን ሙሉ ጥላ ስንፈልግ ነው የምንውለው፣ አፕሪሲቲዎን ለደጋ ትተንልዎታል!

በእኛ ሙያ ብርቅ ቃል የዕለት እንጀራ ነው። "ቦርቦሪግመስ" የሚባል አለ፤ ሆድ ሲያጉረመርም የሚሰማው ድምፅ ነው። ግሪኮቹ ድምፁን ሰምተው ያወጡት ስም ነው። ጮክ ብላችሁ በሉት እስቲ፣ ቦር-ቦ-ሪግ። "ያጉረመርማል" የሚለውም እኮ ድምፁን ይዟል።

ግን አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ፤ ሌላው እንዳይደርስበት። አንዲት የስኳር በሽታ ያለባቸው እናት መጡና "ሲስተር፣ እግሬን ጉንዳን ይሄድበታል፣ ሳየው ግን ምንም የለም" አሉኝ። ለዚህ ስሜት ስም አለው፣ "ፎርሚኬሽን"። ላቲኑ "ፎርሚካ" ጉንዳን ነው። እናቴ ያሉትን ቃል በቃል! በደስታ ካርዱ ላይ ጻፍኩት። በማግስቱ በጠዋቱ ስብሰባ ሪፖርት ሳቀርብ ግን አንዲት ፊደል ሳትኩና "ፎርኒኬሽን" አልኩ። ይኸኛው ዝሙት ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። በዕድሜ ታላቄ የሆኑ ሐኪም ቀስ ብለው አረሙኝ፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ነገሩ እዚያው ቀረ። የከፋኝ ግን ስለ ራሴ አልነበረም። እኚያ እናት በእምነት የነገሩኝ ሕመም በእኔ አፍ ወደ ሌላ ነገር መለወጡ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደንብ አወጣሁ። አዲስ ቃል በዓይኔ ብቻ አይቼ አልናገርም። ስልኬ ላይ ድምፁን ሦስት አራት ጊዜ እሰማለሁ፣ ለራሴ ደግሜ እላለሁ፣ ከዚያ ነው ሰው ፊት የማወጣው። የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ድምፁን አይነግርም። "ኮሎኔል" ተብሎ የተጻፈውን "ከርነል" ነው የሚሉት። በፊደል ላደገ ሰው ይህ ከባድ ነው፤ እኛ የጻፍነውን ነው የምናነብ። ለተማሪዎችዎ ይህን ይንገሩልኝ መምህር።

እማ ሕሊና
ጥር 15፣ ከምሽቱ 1፡50

ደብረ ሲና ነኝ። ብዙ አልተማርኩም፤ ከ6ኛ ክፍል የምትማር ልጄ ጋር ነው አብሬ የማነበው። ጽሑፋችሁን እያነበበችልኝ ሳለ "እማ፣ ብሬክፋስት እኮ ጾምን መስበር ማለት ነው" አለችኝ። "ብሬክ" መስበር፣ "ፋስት" ጾም። እኔም አሰብ አደረግሁና "የእኛስ ቁርስ ከቆረሰ አይደለም ወይ?" አልኳት። ሁለታችንም ተያየን። ይህ ትክክል ከሆነ ለመምህሩ ተማሪዎች ይድረስ።

ቀለም ቆጣሪ
ጥር 15፣ ከምሽቱ 2፡15

እማ ሕሊና፣ ትክክል ነው። ቁርስ ከቆረሰ ነው የወጣ። ልጅዎን እግዚአብሔር ያሳድግልዎ።

የአንኮበር ሰው
ጥር 15፣ ከምሽቱ 4፡00

ይህን ውይይት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንኮበር ተወልጄ አሁን አዲስ አበባ በትርጉም ሥራ እተዳደራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ በሁለት ቋንቋ መካከል ቆሜ ነው የምውለው።

ከዓመታት በፊት ስለ ሰሜን አፍሪካ የተጻፈ ጽሑፍ ስተረጉም "በርኑስ" የሚል ቃል ገጠመኝ። ገጸ ባሕርዩ ብርድ ሲመታው በርኑሱን ይከናነባል። መዝገበ ቃላቱን ሳልከፍት እጄ ቆመ። በርኖስ! አባቴ የነበረው የመንዝ በርኖስ፣ ጥቁር፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ። ዝናብ ሲመታው ውሃው ጠጉሩ ላይ እንደ ዶቃ ይንጠለጠል ነበር እንጂ ቶሎ አይሰርግም። ወደ ቤት ሲገባ ምሰሶው ላይ ይሰቅለውና ጭስና በግ በግ ይሸታል። ቃሉን እንግሊዝኛው ከፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛው ከዐረብኛ ነው ያገኘው፤ የእኛም ያው ዘመድ ነው። አማርኛውን ምን ብዬ ልጻፈው ብዬ ጭንቅ ውስጥ መግባት አላስፈለገኝም፤ "በርኖሱን ተከናነበ" ብዬ አለፍኩ። እንደዚያ ዓረፍተ ነገር የወደድኩት የለም።

በዚያው ዓይነት "ሲቬት" የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልና የእኛ ዝባድ ሁለቱም ከዐረብኛው "ዘባድ" የመጡ ናቸው። ጥሪኟን ነው እንግሊዞቹ በሽቶዋ ስም የሚጠሯት።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን "ኮምፓኒየን" ነው። ይህ ብርቅ ቃል አይደለም፣ ሁሉም ያውቀዋል፤ ውስጡ ነው ብርቁ። ላቲኑ "ኮም" አብሮ፣ "ፓኒስ" ዳቦ። ዳቦ አብሮ የሚበላ ማለት ነው። አሁን የእኛን ባልንጀራን ቀስ ብላችሁ በሉት። ባለ እንጀራ! ሮማውያኑና አባቶቻችን ተገናኝተው አልተማከሩም፤ ጓደኛ ማለት ከአንድ ማዕድ የሚቆርስ ነው ብለው ግን ሁለቱም ወሰኑ። "ሎርድ" የሚለውም በድሮው እንግሊዝኛ የዳቦ ጠባቂ ነበር፣ "ሌዲ" ደግሞ ዳቦ አቡኪ። ጌትነት ሁሉ የሚጀምረው ከሊጥ ነው ማለት ነው። የእንጀራ አባት፣ የእንጀራ እናት የምንለውን ሳስብ ደግሞ እኛም ዝምድናን የምንቆጥረው በእንጀራ እንደሆነ አየሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የተመሳሰለ ሁሉ ዘመድ አይደለም። "ኒገስ" የሚባል የድሮ የእንግሊዝ መጠጥ አለ፤ ወይን ጠጅ በሙቅ ውሃና በስኳር የሚበጠበጥ። መጀመሪያ ሳየው ንጉሥ ከሚለው ከእኛ ነው ብዬ ደስ አለኝ። አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረ ፍራንሲስ ኒገስ የሚባል ኮሎኔል ስም ነው። እንደዚሁ "ሳላሪ" ጨው ከሚለው ላቲን መምጣቱ እውነት ነው፤ የሮማ ወታደሮች ደመወዛቸውን በጨው ይቀበሉ ነበር የሚለው ተረት ግን ማስረጃ የለውም። አሞሌ የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን ታሪኩ ቶሎ ይጥመናል፤ ስለሚጥመን ነው መጠንቀቅ ያለብን።

ስለ አገራችንም አንድ ልበል። ኢዘንበርግና ክራፕፍ የሚባሉት ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ሸዋ፣ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር መጥተው ነበር። ኢዘንበርግ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን ለንደን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1841 ነው። መምህር፣ ለልጆቹ ይንገሯቸው፤ ይህን ሥራ ከሠሩት ሰዎች አንዱ በእኛ ተራራ ላይ ነፋስ መትቶታል።

አስጠኚው
ጥር 16፣ ከጠዋቱ 3፡30

ትናንት ማታ ቀለም ቆጣሪን አንብቤ ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት። "ኮንሴፕት" ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ "ፅንስ" ብዬ፣ ከዚያ "ፅንሰ ሐሳብ" አልኩ። ሁልጊዜ ከኋላ የሚተኛ ልጅ አለኝ። "ጋሼ፣ እና ሐሳብ ይፀነሳል ማለት ነው?" አለ ቀና ብሎ። መምህር፣ ከተቃውሞዬ ግማሹን አንሥቻለሁ። ግማሹ ይቆይ፤ ለአሥር ተደጋጋሚ ቃል አንድ ብርቅ ቃል በቂ ነው እላለሁ። ያችን አንዷን ግን ከእንግዲህ አልነፍጋቸውም።

የእኔን ዘዴ ልስጥ። የወደድነውም ቃል ሳይደገም ይጠፋል። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው፣ ያጠናነው ነገር በብዛት የሚሸሸን በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬ የያዝነውን ነገ ማየት ግድ ነው። ሴባስቲያን ላይትነር የሚባል ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀው የሣጥን ዘዴ አለ። ስልክ ያለው "አንኪ" የሚባለውን መተግበሪያ ይጭናል፤ የእኔ ተማሪዎች ግን የጫማ ካርቶን ነው የያዙት። በወፍራም ወረቀት አምስት ክፍል ይከፍሉታል። ቃሉ በአንድ ወገን፣ ፍቺው በጀርባው። አዲስ ካርድ ሁሉ ከመጀመሪያው ክፍል ይጀምራል፤ እሱ በየቀኑ ይታያል። ያወቁት ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ እሱ በየሦስት ቀን ነው። ሦስተኛው በሳምንት፣ አራተኛው በሁለት ሳምንት፣ አምስተኛው በወር። የሳቱት የትም ይሁን የት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። አንዷ ተማሪዬ ከሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ካርድ ቆርጣ፣ በኩራዝ እያጠናች በአንድ ሴሚስተር ካርቶኗን ሞልታለች።

ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነገር ጨምሬበታለሁ። በካርዱ ጀርባ ከፍቺው ሥር እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ያለ አንድ ነገር ይጽፋል። ምጣድ፣ በግ፣ አያቱ ያለችው፣ ምንም ይሁን። ሳይጽፍ ካርዱ ሣጥን አይገባም።

የመሐል ሜዳው መምህር
ጥር 16፣ ከምሽቱ 1፡00

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሽ አስጠኚ፣ ዐሥር ለአንድ ብለዋል፤ ተቀብያለሁ። ሰሌዳ ላይ ሃያ ቃል ደርድሮ መሄዱንም ትቻለሁ። ሲስተር፣ ዛሬ ከመጻፋችን በፊት ሃምሳ ልጅ በአንድ ድምፅ ቦርቦሪግመስ አለ፤ ከጎረቤት ክፍል መጥተው ምን ሆናችሁ ብለው ጠየቁን።

የእማ ሕሊናን ልጅ ቃል ሰሌዳው ራስጌ ላይ ጻፍኩት፤ ከደብረ ሲና የተላከ ብዬ።

ዛሬ ደግሞ ልጆቹን ገልብጬ ጠየቅኋቸው። እንግሊዝኛ አንድ ቃል የሰጠው፣ እኛ በብዙ ቃል የምንለው ነገር አምጡ አልኳቸው። ያ "ለምን ተዉት" ያለኝ ልጅ "ከበጋው በኋላ መጀመሪያ ዝናብ ሲመታው መሬቱ የሚሸተው" አለ። ቃሉ አለ፣ "ፔትሪኮር" ይባላል። ኢዛቤል ቤርና ሪቻርድ ቶማስ የሚባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጡት ነው። "ፔትራ" ዐለት ነው፣ "ኢኮር" ግሪኮቹ በአማልክቶቻቸው የደም ሥር ውስጥ ይፈሳል የሚሉት ደም ነው። በደረቁ ወራት ከዕፅዋት የወጣ ቅባት ዐለቱና አፈሩ ውስጥ ሰርጎ ይቆያል፣ ዝናቡ ሲመጣ ያስለቅቀዋል፤ አፈር ውስጥ ያሉ ደቂቅ ተሕዋስያን የሚሠሩትም ሽታ ይጨመርበታል። ልጁ ሰማኝና "ጴጥሮስ ማለትም ዐለት አይደል እንዴ?" አለኝ። ነው። እኔ ያላሰብኩትን አሰበልኝ። ዝናቡ እስኪመጣ ካርዷን ይዘን እንጠብቃለን።

አስጎብኚው ወንድሜ፣ አንድ ልጠይቅህ። አሥራ አምስት ልጅ ይዤ ጓሳ ብመጣ ታስጎበኘናለህ? ግራሚኒቮር የሚለውን ካርድ በጀርባው ባዶ ትተነዋል።

የጓሳ አስጎብኚ
ጥር 16፣ ከምሽቱ 1፡35

ኧረ መምህር፣ ደስ እያለኝ! ክፍያም አታስቡ። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ድረሱ፤ ጭላዳዎቹ ከገደሉ የሚወጡት ፀሐይ ገደሉን ሲነካው ነው። ወጥተውም ወዲያው ሣር አይነጩም፤ መጀመሪያ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። አፕሪሲቲ ማለት እሱ ነው፣ ልጆቹ ያያሉ። ብርዱ ከመሐል ሜዳ ይብሳል፣ ጋቢ ብቻ አይበቃም። በቤቱ በርኖስ ያለው ልጅ አባቱን አስፈቅዶ ይልበስ።